የግራ ዓይኔን ያተረፈው የቀርከሃ ስንጥር

ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይን ነው። ቀኙ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ቆይቷል፤ ግራው ግን ፊደሉን ከነእግሩ ከነአንገቱ ለይቶ ያሳየኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግናቸው ሰዎች አሉ። አንዷ መንጌ አጠገብ የምትኖር የበርታ ሴት ናት። ሌላው፣ ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ፣ አታለለኝ እያልኩ ስሙን ሳጠፋ የሰነበትኩት መነጽር ሻጭ ነው። ዓይኑ የሚያስቸግረው ሰው ታሪኬን ቢያነበው፣ ወይም ሲነበብ ቢሰማው፣ እኔ ያባከንኳቸውን ሁለት ክረምቶች አያባክንም ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሥራዬ ጽሕፈት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። መምህሬ ድምፄ ለማኅሌት እንደማይሆን ፊት ለፊት ስለነገሩኝ ወደ ብዕር ዞርኩ፤ ከዚያም አንድ ፊታውራሪ ወደ አሶሳ ሲወርዱ ጸሐፊያቸው ሆኜ ተከተልኳቸው። በሰፈራችን የአማርኛ ደብዳቤ ሲመጣ ከእኔ ሌላ የሚያነብ አልነበረም። ቄሳችን አሉ፤ ነገር ግን እሳቸው የብራና ፊደል እንጂ የሰው እጅ ጽሕፈት አይሆንላቸውም። ስለዚህ ዓይኔ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ እኔና ባለቤቴ ደስታ የምንበላው ከእሱ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ እንዲህ ነው። ጠዋት ስነሳ ዓይኔ በዓይናር ተጣብቆ አልከፈት ይለኛል። በውኃ ካራስኩት በኋላ ይከፈታል፤ ግን ቀኑን ሙሉ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረኛል። ፀሐይ ላይ ስወጣ እንባዬ ይወርዳል። ሰው ለቅሶ የደረሰኝ እየመሰለው መንገድ ላይ ሲያስቆመኝ፣ ማን እንደሞተብኝ ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ እስቅ ነበር።

ደስታ ምች ነው አለች። ዳማከሴ እያሸች ጠረኑን አሸተተችኝ፤ ጭማቂውን በግንባሬ ላይ ቀባችኝ። ለሦስት ቀን ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተትኩ እንጂ ለውጥ አልነበረም። ከዚያ ቄሳችን ጠበል አዘዙልኝ፤ ሁለት ሳምንት ማለዳ ማለዳ ፊቴን ታጠብኩ። እውነቱን ልናገር፣ በጠበሉ ቀለል ብሎኝ ነበር። ዓይኔ ንጹሕ ውኃ ማግኘቱ በራሱ ደግ ነገር እንደሆነ ዛሬ ገብቶኛል። ሁለት ሳምንቱ አልቆ ወደ ደብዳቤዬ ስመለስ ግን መቆርቆሩም ተመለሰ፤ በላዩ ደግሞ ፊደሉ ይደበዝዝብኝ ጀመር።

መነጽር የሚባለው ነገር ወደ አሶሳ ገበያ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የሚያመጡት ከሱዳን በኩል የሚወጡት ነጋዴዎች፣ ጀላቦች የምንላቸው ናቸው። የመነጽሩ ባለቤት ከድንበር ወዲያ የሚኖር አንድ ሀብታም ነው ይባላል፤ እሱን ያየው የለም። እኛ የምናየው ሰዎቹን ነው። አሶሳ አንድ፣ መንጌ አንድ፣ ባምባሲ አንድ፣ ጉባ አንድ ሰው አስቀምጧል። አራቱም አንድ ዓይነት አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን ይዘዋል፤ አራቱም የሚናገሩት አንድ ዓይነት ቃል ነው። ከአንዱ የገዛኸው ካልተስማማህ ከሌላው መለወጥ ትችላለህ፣ ጥቂት ጨምረህ።

የአሶሳው ኢድሪስ ይባላል። ቀልጣፋ፣ ሳቂታ፣ ጥምጣሙ ሁልጊዜ እንደነጣ ነው።

«ያ ካቲብ!» አለኝ ገና ከሩቅ ሲያየኝ። ካቲብ ማለት በቋንቋቸው ጸሐፊ ማለት ነው። «ዓይን አስቸገረ? መርሐባ፣ ተቀመጥ። ዕድሜ ስንት?»

«አርባ ስምንት ይሆነኛል።»

«ተማም! የአርባ ስምንት አለ።»

ሳጥኑን ከፈተ። መነጽሮቹ በጨርቅ እየተጠቀለሉ በዕድሜ ተራ ተደርድረዋል፤ የአርባ፣ የአርባ አምስት፣ የአርባ ስምንት፣ የሃምሳ እያለ እስከ ሰባ ይደርሳል። አንዱን አውጥቶ አፍንጫዬ ላይ አስቀመጠው። ቀጥሎም መፈተኛውን አመጣ። ማንበብ ለማይችል ሰው መፈተኛው መርፌና ክር ነው። ለሙስሊሙ በዓረብኛ የተጻፈ የጸሎት ገጽ አለው። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ደግሞ ከአንድ ደብተራ የገዛት አሮጌ የጸሎት መጽሐፍ አለችው።

መጽሐፏን ገልጦ ሰጠኝ። እኔ ይህችን መጽሐፍ የማውቃት ጥርሴ ሳይነቀል ጀምሮ ነው። መምህሬ በአለንጋ ነው ያስገቡብኝ። ቀዩን የመነሻ ፊደል እንዳየሁ ምላሴ ሄደ። አንድ ቃል ሳላደናቅፍ፣ ገጹን በጊዜው እየገለበጥኩ፣ ሦስት ገጽ ወረድኩ። ዙሪያችን ሰው ተሰበሰበ። ኢድሪስ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«ማሻአላህ! አየህ? ወላሂ፣ ዓይን ተመለሰ!»

እኔም አመንኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ማንም አላታለለኝም። አነበብኩ ብዬ ከልቤ ነው ያመንኩት። ድምፄን እሰማለሁ፣ ገጹን እገልጣለሁ፣ ታዲያ ማንበብ ሌላ ምንድን ነው? መነጽሬን ተክዬ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ማግስቱን ደብዳቤ ላይ ስቀመጥ ፊደሉ ያው ድብዝዝ ነው። እንባዬ ያው ይወርዳል። መነጽሩ ደክሞ ይሆናል አልኩና ባምባሲ ለሥራ ስወርድ ወደዚያኛው ሳጥን ሄድኩ። ዕድሜ ጠየቀኝ፣ የአሶሳውን ወስዶ የሃምሳ አምስት ሰጠኝ፣ የጸሎት መጽሐፍ ሰጠኝ፣ ወረድኩበት፣ ማሻአላህ አለ። በቀጣዩ ጊዜ መንጌ። ከዚያ እንደገና ኢድሪስ። በሁለት ክረምት ውስጥ አራት መነጽር ለወጥኩ፤ የመጨረሻው የሰባ ዓመት ሽማግሌ መነጽር ነበር። አንዳቸውም ቢሆኑ የዓይኔን ቆብ ገልበጥ አድርገው አላዩም። ቢያዩ ኖሮ ብዬ አልቆጭም፤ እነሱ የሚያውቁት መነጽሩን ነው፣ ዓይን የሚያውቅ ሰው መፈለግ የእኔ ፈንታ ነበር።

ለመጨረሻው መነጽር ጭማሪ የከፈልኩት የደስታን የምትታለብ ፍየል ነው። ሳላማክራት ነው የወሰድኳት።

«የወተት ፍየሌን አፍንጫህ ላይ አስቀምጠሃታል» አለችኝ። «ወተት ትሰጥሃለች እንዴ?»

«አስታማሚ መሆንሽን ትተሽ ከሳሽ ሆንሽ?»

«ላስታምምህማ መታመምህን መቼ ታምናለህ? ሰው ፊት ማሻአላህ፣ እቤት ስትገባ እንስራ ትረግጣለህ።»

እውነቷን ነበር። እንስራውን ሁለት ጊዜ ረግጬዋለሁ። ግን ዝም አሰኘኋት። ለሳምንት ያህል በቤታችን ከ«ብላ» እና «በላሁ» ሌላ ቃል አልነበረም።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ነሐሴ ላይ፣ ዳቡስ ሞልቶ ሳለ፣ ከወንዙ ወዲያ ካለ ሹም አንድ መልእክተኛ እየዋኘም እየተራመደም ደረሰ። ፊታውራሪው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «አንብብ» አሉኝ። ጀመርኩ። የደብዳቤ መግቢያ ሁሉ አንድ ነው፤ ይድረስ ከ፣ እንዴት ሰንብተዋል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን እንደ ውኃ አወረድኩት። ሰላምታው ሲያልቅ ግን ምላሴ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቅ የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታየኝ ጭጋግ ነበር። አስጠጋሁት፣ አራቅሁት፣ ወደ ብርሃን ዞርኩ። ያን ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሳነብ የኖርኩት ባየሁት ሳይሆን በማውቀው እንደሆነ ገባኝ።

«ምነው?» አሉ ፊታውራሪው።

«ጌታዬ፣ ቀለሙን ዝናብ አጥቦታል» አልኩ።

ያ ውሸት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ፊታውራሪው ወደ መልእክተኛው ዞረው «ተመለስና ሌላ አጽፈህ አምጣ» አሉት። ሰውየው ልብሱ እንኳ አልደረቀም ነበር። እኔን አንድ ጊዜ አየኝ፣ ዱላውን አነሳና ወደ ሞላው ወንዝ ተመልሶ ሄደ።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። የተናገርኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ፊታውራሪው ብቻቸውን ሲሆኑ እግራቸው ላይ ወድቄ ቀለሙ እንዳልታጠበ፣ የታጠበው ዓይኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ይገርፉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሰውየው ወንዝ ከወሰደው ደሙ በአንተ ላይ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዓይንህን ደግሞ እስከ መስቀል አስታምም። እስከዚያ ካልተሻለህ ሌላ ጸሐፊ አስመጣለሁ። ክፋት አይደለም፣ ደብዳቤዬን መስማት ስላለብኝ ነው።»

ክፋት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሌላ ጌታ ያን ቀን ያባርረኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ለደስታ ሁሉንም ነገርኳት። «እኔ የምልህን ትሰማለህ?» አለችኝ። ጨው ከሚለውጡት ሴቶች እንደሰማች፣ ከመንጌ ማዶ ሐዋ የምትባል የዓይን መድኃኒት አዋቂ አለች። የማንም ሰው አይደለችም፤ ሳጥንም የላት ገበያም አትወጣ። ወርቅ የሚያጥቡት ሰዎች ሁሉ ዓይናቸውን የሚያሳዩት ለእሷ ነው።

«እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው፣ ፊደል ለማታውቅ ሴት ዓይኔን ልስጥ?» አልኳት።

«ፊደል ቆጥረህ የት ደረስክ?» አለችኝ።

ማለዳ በቅሎ ላይ ወጣሁ፤ እሷ ልጓሙን ይዛ በጭቃው መራችን።

የሐዋ መጠበቂያ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር ነው። ስንደርስ ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ ወርቅ አጣቢዎች፣ ሕፃን ያቀፉ እናቶች፣ ዓይኑን በጨርቅ ያሰረ ገበሬ። ዝንቡ አያስቀምጥም። ተራ የሚባል ነገር የለም፤ እሷ እየወጣች የባሰበትን ራሷ መርጣ ታስገባለች። የመጀመሪያው ቀን አለፈኝ። በሁለተኛው ቀን ስትወጣ ቆምኩና የፊታውራሪው ጸሐፊ መሆኔን ነገርኳት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከእኔ ዕድሜዋ የሚበልጥ ሴት ናት። አማርኛዋን የተማረችው ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ጨው ስትለውጥ ነው፤ ሴቱንም እንደ ወንድ ትጠራለች።

«ፊታውራሪ ዓይኑ አመመው?» አለችኝ።

«የለም፣ እኔን ነው።»

«እንግዲያ አንተ ተቀመጥ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደስታም ሳቀች፤ ከሳምንታት በኋላ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ተቀመጥኩ።

ከቀትር በኋላ ጠራችኝ። የምታየው እዚያው ዛፉ ዳር፣ ፀሐይ በደንብ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያያል። እኔ ኩራቴ አልለቀቀኝም። ዓይኔ ያን ያህል እንዳልከፋ፣ በመነጽር አድርጌ እንደማነብ ነገርኳት። ከአገልግሌ የጸሎት መጽሐፌን አወጣሁ፣ የሰባ ዓመቱን መነጽር ሰካሁ፣ ጀመርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለት ገጽ ወረድኩ። ሐዋ አጠገቤ ተቀምጣ ፊቴን እያየች ትሰማለች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና መጽሐፉን ከእጄ ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

እኔ ቀጠልኩ። ባዶ እጄን እንደ መጽሐፍ ዘርግቼ አራት መስመር ያህል አነበብኩ።

ዛፉ ሥር ያለው ሰው በሳቅ ፈነዳ። አፌን ዘጋሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ይሄ አፍ ነው፣ ዓይን አይደለም» አለች። «አፍ ደህና ነው። አሁን ዓይን እናያለን።»

የወርቅ ማጠቢያ ገበቴ አመጣች። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ከዘመን ብዛት ያብረቀረቀ ነው። ሥሩ ላይ ጥቂት ጥቁር አሸዋ አለ፣ አሸዋው ውስጥ የወርቅ ቅንጣት። እዚያ አገር ወርቅ የሚያጥብ ሰው ክረምቱ ሳይጀምር በዚህ ገበቴ ዓይኑን ይፈትናል፤ ዓይኑ የከዳው ሰው ወርቁን ከአሸዋው ጋር ይደፋዋልና። ሐዋም በወጣትነቷ አጣቢ ነበረች።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። እንደ ልማዴ ገመትኩ። «ሰባት» አልኩ።

«ሦስት።»

አሸዋውን ነቅነቅ አደረገችው። «አሁን?»

«ሦስት።»

«ባዶ ነው። አንስቼዋለሁ።»

ከዚያ በመዳፏ የግራ ዓይኔን ሸፈነችው። ገበቴው ጠፋ። እጇ ጠፋ። ፀሐይ ያለበት ጎን ብቻ ነጣ ብሎ ታየኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው፣ እኔም ራሴ፣ አንድ ዓይኔን ሸፍኖ አያውቅም ነበር። ቀኝ ዓይኔ ከመቼ ጀምሮ እንደሞተ አላውቅም። ደስታ ከኋላ ትከሻዬን ያዘችኝ። ፈራሁ፤ እንደዚያን ቀን በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

ሐዋ የዓይኔን ቆብ በቀጭን እንጨት ላይ ገልብጣ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ለደስታ እያሳየች ነገረችን። ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይኔ ቆብ ውስጡ ሻክሮ፣ ቆስሎ፣ ሲድን ደግሞ ተጨማድዶ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሽፋሽፍቱም አብሮ ወደ ውስጥ ዞሯል። ዓይኔን በጨፈንኩና በገለጥኩ ቁጥር የገዛ ጠጉሬ ብሌኔን ይቧጥጠዋል። ቀኙ ተቧጥጦ ተቧጥጦ ነጭ ጠባሳ ሸፍኖታል። ግራው ላይም ጭረቱ ጀምሯል።

«ይሄ ሄዷል» አለች ቀኙን እየነካች። «እኔ አልዋሽም፣ አይመለስም። በመርፌ እናድናለን የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። አትስጥ። ይሄኛው ገና ነው። ይሄኛውን እንያዝ።»

ስለቀኙ እንዲህ በግልጽ ስለነገረችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ተስፋ ልትሸጥልኝ ትችል ነበር፤ እኔም ደስ እያለኝ እገዛት ነበር።

መጀመሪያ ወደ ውስጥ የዞሩትን ጠጉሮች በወረንጦ አንድ በአንድ ነቀለች። ያማል፤ አያምም ብዬ አላታልላችሁም። «መንቀል ብቻ አይበቃም፣ ይበቅላል» አለች። ከዚያ ሁለት የቀርከሃ ስንጥር አመጣች፤ የትንሽ ጣት ቁመት ያላቸው፣ ተልገው የለሰለሱ። የግራ ዓይኔን ቆብ ቆዳ ከላይ ቆንጠር አድርጋ እጥፉን በሁለቱ ስንጥሮች መካከል አስገባችው፤ ጫፍና ጫፋቸውን በክር ጠፍራ አሰረችው። የታሰረው ቆዳ በአሥር ቀን ውስጥ ደርቆ ከነስንጥሩ ይወድቃል፤ ቆቡ ሲያጥር ጠርዙ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ሽፋሽፍቱም ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

አሥሩን ቀን ከግቢዋ አጠገብ ባለች ጎጆ ተቀመጥን። በየጠዋቱ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ታጥበኛለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ቆቤ አብጦ ዓይኔ ጨርሶ ተዘጋ። ያለችኝን አንዲት ዓይን ለቀርከሃ ሰጠኋት እያልኩ ተቃጠልኩ። አንድ ሽማግሌ ወርቅ አጣቢ ማልቀሴን ሰምቶ መጣ፤ አማርኛ አያውቅም። እጄን ያዘና የራሱን የዓይን ቆብ አስነካኝ። ቀጭን ለስላሳ ጠባሳ፣ ከሥሩ ወደ ውጭ የቆመ ሽፋሽፍት ጣቴን ነካው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ገንፎ በቅል ይዞልን ይመጣ ነበር። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ ይህም ሌላው ጥፋቴ ነው።

ሐዋ ከምታዘን ሁሉ አጥብቃ የምትናገረው ስለ ጨርቅ ነበር። «አንድ ጨርቅ አንድ ሰው። ይሄ በሽታ በጨርቅ ይሄዳል፣ በዝንብ ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ ይዞራል» ትለን ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ፊቴን ስታጠብ ስንጥሩ መዳፌ ላይ ወደቀ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ። የሚቆረቁር ነገር የለም። እንደገና ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ። እንደ ሞኝ ለብዙ ጊዜ ዓይኔን እያርገበገብኩ ተቀመጥኩ። ሐዋ ገበቴዋን አመጣች።

«ስንት ነው?»

አልገመትኩም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። «አራት» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ያን ጊዜ ሳቀች።

ለድካሟ የተቀበለችኝ ጨውና አንድ ነጠላ ነው፤ እሱንም የወሰደችው ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ ሄጄ፣ ጠጉሩ መልሶ አለመዞሩን አይታ ነው። በአሥረኛው ቀን ስንሰነባበት በቅርብ ያለ ፊደል ገና እንደሚደበዝዝብኝ ነገርኳት።

«እሱ ዕድሜ ነው፣ በሽታ አይደለም» አለች። «አሁን ሂድ፣ መነጽር ግዛ።»

ተገረምኩ። መነጽር ሻጮቹን ትረግማለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

አሶሳ ስንገባ መልእክተኛው በደህና ደርሷል። ወንዙ አልወሰደውም፤ ትንሽ ወባ ብቻ ይዞት ነበር። አዲሱ ደብዳቤ እንደታሸገ ይጠብቀኛል። ይዤው በቀጥታ ወደ ኢድሪስ ሄድኩ። እንደ ልማዱ የጸሎት መጽሐፉን ሲያወጣ «እሱን መልሰው» አልኩት፤ ማኅተሙን ቆርጬ ደብዳቤውን ዘረጋሁ። የሰባውን ሞከርኩ፣ ፊደሉ ተንጋደደ። የስድሳውን፣ የሃምሳ አምስቱን። በመጨረሻ የአርባ ስምንቱን ሲሰጠኝ ፊደሉ ጥርት ብሎ ቆመ። ከመጀመሪያውም የሸጠልኝ ልኬን ነበር! ለካ መነጽሩ ጥፋት አልነበረበትም፤ እኔ ነበርኩ ዓይኔን ሳላሳይ መነጽር የገዛሁት። ኢድሪስ ታሪኩን ከሰማ በኋላ ጭማሪ አልጠየቀኝም። ዛሬ ዓይኑ ቀይ የሆነበትን ሰው መጀመሪያ ወደ ሐዋ ይልካል ሲሉ እሰማለሁ።

ደብዳቤውን በፊታውራሪው ፊት እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሹሙ የጠየቁት ስለጠፋች አንዲት ቡላ በቅሎና ስለ ሁለት እንስራ ማር ነበር። መልእክተኛው እግሩ ላይ ስወድቅበት ብድግ አድርጎ አነሳኝና «ለበቅሎ ነው እንዴ ሁለት ጊዜ የዋኘሁት?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይቅር አለኝ። ፊታውራሪውም ሥራዬ ላይ አጸኑኝ።

ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ። ደስታ «እስቲ በዚህኛው ደግሞ ምን እንደምትመስል ልይህ» ብላ ፊቷን አስጠግታ መነጽሬን ማስተካከል ጀመረች። እንዲህ በቅርብ ፊቷን ጥርት አድርጌ ካየሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አላውቅም። ሽበት ብቅ ብሏል። የዓይኗ ነጩ ቀልቷል። ሽፋሽፍቷ ግን የለም፤ በቦታው አጫጭር ጉቶ ብቻ፣ በወረንጦ የተነቀለ። ከጉቶው መካከል ሁለቱ ወደ ውስጥ ዞረዋል።

«ደስታ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጭስ ነው» አለች ፊቷን እየመለሰች።

እኔ ለፊታውራሪው ዝናብ ነው እንዳልኩት ነው። አገጯን ይዤ ወደ ብርሃን አዞርኳት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ካንተ በፊት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የእኔ ዓይን ደብዳቤ አያነብም» አለች።

አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ማለዳ ፊታውራሪውን እንኳ ሳላስፈቅድ ወደ መንጌ ተነሳን። ሐዋ ከዛፉ ሥር ስታየን አልደነቀችም። «ሴትየው መጣ?» አለች፤ ደስታን በእጇ ይዛ ከሰው ሁሉ አስቀድማ ወደ ፀሐዩ አስገባቻት። «ይሄን ዓይን ያን ጊዜ አይቼዋለሁ» አለችኝ። «ልነግርህ ስል ይሄ ሴትዮ እጄን ያዘ፤ መጀመሪያ እሱ አለኝ።»

የደስታ ሁለቱም ዓይኖች ተርፈዋል።